ከማዋለጃ ክፍል ወደ ኮትሊን፦ ሐዋሳ ላይ ሙያ የቀየረች የአንዲት ሲስተር ጉዳይ

ሐዋሳ ውስጥ የሞባይል አፕ እየሠራን የምንኖር ሰዎች ተጠያይቀን የምንተዋወቅ ነን። ስለዚህ ይሄ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ እኔም ጋ ይደርሳል። «ነርስ ነኝ፣ ደክሞኛል፣ ኮዲንግ ብማር ያዋጣኛል?» «ፋርማሲ ነው የተማርኩት፣ ከየት ልጀምር?» አንዳንዱ ዲዩቲ ላይ ሆኖ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጽፍልኝ። ይህን ያህል ለሚጨነቅ ሰው «ይቻላል፣ በርታ» ብሎ መሸኘት ይከብደኛል። ስለዚህ ከቅርብ ሆኜ የተከታተልኩትን የአንዲት አዋላጅ ነርስ ጉዳይ ከነዝርዝሩ ልጻፈው። ፈቃዷን ጠይቄያለሁ። ስሟንና ትሠራበት የነበረውን ቦታ ግን አልጠቅስም። ሥራ ቦታ ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላት፤ እኔም እንደዚያው እላታለሁ።

የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። ሲስተርን እንጀራ ያስገኘላት የሰበሰበችው ሰርተፍኬት አይደለም። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ቆማ ያየችውን አንድ ትንሽ ችግር ይዛ መውጣቷ ነው። ብዙ የጤና ባለሙያ ወደ ቴክኖሎጂ ሲዞር መጀመሪያ የሚያደርገው ያለፈውን መርሳት ነው። ጋዋኑን አውልቆ፣ የተማረውን ዘግቶ፣ ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር እኩል ከዜሮ ይሰለፋል። ይሄ ያስቆጨኛል።

ለምን መውጣት ፈለገች

በአዋላጅ ነርስነት ዲግሪ አላት። ከተማችን ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ጤና ተቋም ሌበር ዋርድ፣ ማለትም ማዋለጃ ክፍል፣ ለዓመታት ሠርታለች። ሙያዋን ጠልታ አልወጣችም። ደጋግማ ትናገራለች፣ እኔም አምናታለሁ፤ ዛሬም ስለ ወሊድ ስታወራ ሌላ ሰው ነው የምትሆነው። ያደከማት ዙሪያው ነው። የሌሊት ዲዩቲ ይደራረባል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ወራት እየቆየ ይመጣል፣ አንዳንዴም ተቆራርጦ። እሷም ወልዳለች፤ የራሷን ሕፃን እናቷ ጋ ጥላ የሌላውን ስትቀበል ታድራለች። ደመወዙ ደግሞ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል።

ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ነበራት። ዋርዱ ውስጥ ስልክ የተበላሸበት፣ ዲኤችአይኤስ ቱ (የጤና ሪፖርት የሚገባበት የኮምፒውተር ሲስተም) ላይ የወር ሪፖርት አልገባ ያለው ሰው ሁሉ እሷን ነው የሚጠራው። ማንም አላስተማራትም። ነካክታ ነካክታ ታገኘዋለች። ይሄ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ነገር አልሠራ ሲል ከመሸሽ ይልቅ ቁጭ ብሎ የሚፈትሽ ሰው ለዚህ ሥራ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

የተበተነው ጊዜ

የጀመረችው ሁሉም ሰው እንደሚጀምረው ነው። ትንሽ ኤችቲኤምኤል፣ ከዚያ ፓይተን፣ ከዚያ አንድ ሰው «ዳታ ሳይንስ ነው የሚያዋጣው» ስላላት ወደዚያ። ከዲዩቲ ወጥታ ቪዲዮ ትከፍታለች፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እንቅልፍ ይጥላታል። ሐምሌ 2016 ላይ በኢትዮጵያና በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ትብብር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ይፋ ሲሆን ወዲያው ተመዘገበች። ትምህርቱ በኢንተርኔት ነው፣ ነፃ ነው፣ የሚሰጠው በዩዳሲቲ በኩል ነው፤ ከኮርሶቹ አንዱም የአንድሮይድ ነው። ችግሩ እሷ አንዱን ይዛ አልጨረሰችም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ትዘላለች። ሰርተፍኬት ስታገኝ ደስ ይላታል፣ ባዶ ስክሪን ፊት ስትቀመጥ ግን ከየት እንደምትጀምር አታውቅም።

እኔ ጋ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ተቀመጥን። የትኛውን ቋንቋ ልማር አለችኝ። ዋርድ ውስጥ የሚያናድድሽ ነገር ምንድን ነው አልኳት። ግራ ተጋባች፣ ከዚያ ማውራት ጀመረች፣ እስክንነሳም አላቆመችም። የደም ምርመራ ወረቀት ይጠፋል። የፈሳሽ ጠብታ ስሌት ተማሪዎች ይሳሳታሉ። የመውለጃ ቀን በጣት ይቆጠራል። እኔ ዝም ብዬ ጻፍኩላት። ያ ወረቀት ነው በኋላ የሥራ ዕቅዷ የሆነው።

ቋንቋውን በተመለከተ ኮትሊን (የአንድሮይድ አፕ የሚጻፍበት ቋንቋ) ወይስ ፍላተር (በአንድ ኮድ ለአንድሮይድም ለአይፎንም አፕ መሥሪያ) የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም፣ እኔም ሰዓት አላጠፋበትም። ለእሷ ኮትሊንን የመረጥኩት ቀላል በሆነ ምክንያት ነው። የጀመረችው ነፃ ኮርስ በኮትሊን ነው። ጉግል ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድሮይድ ተመራጭ ያደረገው እሱን ነው። ዋርዷ ውስጥ ያለው ስልክ ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል አንድሮይድ ነው። ለአይፎን አፕ ለመሥራት ማክ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፣ የአፕል የገንቢ አካውንትም በየዓመቱ 99 ዶላር ነው፤ ያን ለጊዜው እርሺው አልኳት።

ላፕቶፕ፣ ዕቁብ፣ መብራት

ላፕቶፑ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ስትጠይቅበት የነበረው ያገለገለ ላፕቶፕ ዋጋም አብሮ ወጣ። የዋርዱ ልጆች ዕቁብ ይጥላሉ። ዕጣው ለሌላ ሰው ወጥቶ ነበር፤ ለምና ተቀያየረች። 8 ጊጋ ራም ያለው ያገለገለ ማሽን ገዛች።

8 ጊጋ አንድሮይድ ስቱዲዮን፣ ማለትም አፕ የሚጻፍበትን ፕሮግራም፣ ይከፍታል እንጂ ኢሙሌተሩን (ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ስልክ ሆኖ አፑን የሚያሳየውን) አብሮ ሲያስኬድ ይንፏቀቃል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የራስን ስልክ በኬብል ሰክቶ እዚያ ላይ መሞከር ነው። ይሄን የሚያነብ ጀማሪ ካለ ከዚህ ይጀምር። ኮዱን ወደ አፕ የሚቀይረው ግሬድል የሚባል መሣሪያ መጀመሪያ ላይ የሚያወርደው ብዙ ነው፤ እሷ የሌሊት ጥቅል ገዝታ ዲዩቲ በሌላት ሌሊት አስወረደችው። ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔትም መሥራት ይቻላል። መብራት ሲጠፋ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። በእርሳስ ኮድ የጻፈችበትን ደብተር አሁንም ይዛዋለች፤ ከቪዲዮው ሁሉ የበለጠ ያስተማራት እሱ ነው ብዬ አስባለሁ።

40 ወይስ 42

የመጀመሪያው ፕሮግራሟ የፈሳሽ ጠብታ ማስያ ነበር። ነርስ ሁሉ ያውቀዋል። 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በደም ሥር በ8 ሰዓት እንዲገባ ታዟል እንበል። ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ፣ ሴት የሚባለው፣ በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ነው። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ሲካፈል 41.67፣ ማለትም በደቂቃ 42 ጠብታ ግድም ይመጣል።

የእሷ አፕ 40 አለ።

ወዲያው ነው የደወለችልኝ። «ውሸቱን ነው፣ 42 ነው!» አለች፤ በእጇ ሳትጽፍ በቃሏ ነው የምታውቀው። ያደረገችው ሚሊ ሊትሩን መጀመሪያ ለደቂቃው ማካፈል ነበር። ኮትሊን ሁለት ሙሉ ቁጥሮችን ሲያካፍል ከነጥብ በኋላ ያለውን ይጥለዋል። 1000 ለ480 ብሎ 2 አገኘ፣ በ20 አባዛው፣ 40 አለ። ስክሪኑ ላይ ስሕተት የሚል ነገር የለም፣ ቀይ መስመር የለም፣ አፑ በሰላም ይሠራል። ቁጥሩ ግን ልክ አይደለም።

ይህን ነገር ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ኮዱን ከእሷ በፍጥነት የሚጽፍ ልጅ ሐዋሳ ውስጥ ሞልቷል። ግን 40 ሲያይ «ውሸቱን ነው» የሚል ስንቱ ነው? ሲስተር ኮዱን ገና እየተንተባተበች ነበር፤ መልሱን ግን ከኮምፒውተሩ በፊት ታውቀዋለች። የጤና ባለሙያ ወደዚህ ሥራ ይዞት የሚመጣው ሀብት ይሄ ነው።

የጳጉሜ ጉዳይ

ዋናው አፕ የመውለጃ ቀን ማስያው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው።

እናቶቻችን ቀን የሚነግሩት በኛ አቆጣጠር ነው። «የወር አበባዬን መጨረሻ ያየሁት ጥር ሚካኤል ሰሞን ነው» ትላለች አንዷ። በዓለም ደረጃ ያለው ስሌት ከዚያ ቀን 280 ቀን መቁጠር ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ሦስት ወር ቀንሶ ሰባት ቀን መደመር ይባላል። የኛ ወር ግን ሁሉም 30 ቀን ስለሆነ ሰባቱ አይሠራም። የኛ አዋላጆች 9 ወር ከ10 ቀን ይደምራሉ። መካከል ላይ ጳጉሜ ካለፈች 9 ወር ከ5 ቀን ይሆናል፤ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን። «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» ሲባል ያደግነው ሁላችንም ነን፤ ያ ግን ከፅንሰቱ ጀምሮ የሚቆጠረው ነው፣ ጌታ ከተፀነሰበት መጋቢት 29 እስከ ተወለደበት ታኅሣሥ 29 ያለው። ተማሪዎች ሁለቱን ያደባልቃሉ። በድካም ጊዜ ደግሞ ያልተማረም የተማረም ይሳሳታል። አምስት ቀን ትንሽ ይመስላል፤ ቀኗ አልፏል ተብላ ምጥ በመድኃኒት እንዲጀመርላት ለምትታሰብ እናት ግን ትንሽ አይደለም።

ሲስተር መጀመሪያ እንዲሁ በ«እንዲህ ከሆነ እንዲህ» ጻፈችው። ወሩ ላይ 9 ደምር፣ ቀኑ ላይ 10 ደምር፣ ቀኑ ከ30 ካለፈ 30 ቀንሰህ ወደሚቀጥለው ወር እለፍ። መስከረም 5 ቀን 2017 ስታስገባ ሰኔ 15 ይላል። ልክ ነው። ዓመት የሚሻገረውን ለብቻ ጻፈችው፤ ጥር 20 ቀን 2017 ስትለው ጥቅምት 25 ቀን 2018 ይላል። ይሄም ልክ ነው። ዋርዱ ውስጥ ላሉት ጓደኞቿ ላከችላቸው፣ ሁሉም ወደዱት።

ከዚያ አንዷ ጓደኛዋ ኅዳር 23 ብላ ስታስገባ አፑ ድርግም ብሎ ተዘጋ።

ምክንያቱ እስኪገባን ድረስ ቆየ። ከኅዳር 21 እስከ 25 ያየች እናት የምትወልድበት ቀን ከጳጉሜ 1 እስከ 5 ነው የሚያርፈው። ሲስተር በኮዷ ውስጥ የደረደረችው የአሥራ ሁለት ወር ስም ነው። አሥራ ሦስተኛውን ሲፈልግ አጣ፣ ወደቀ። ጳጉሜን ጨመረችበት። አሁን ኅዳር 28 ስታስገባ ምን ቢላት ጥሩ ነው? ጳጉሜ 8! እንዲህ ያለ ቀን የለም። መልሱ መስከረም 3 ነው።

እዚህ ላይ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ» የሚለውን መጠጋገን ተወችው። ኮትሊንም በሚጠቀምበት የጃቫ መደበኛ የቀን ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ) ውስጥ የጃፓን አቆጣጠር አለ፣ የታይላንድ ቡድሂስት አለ፣ የሂጅራም አለ፤ የኛ የለም። አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪ ውስጥ የኢትዮጵያ አቆጣጠር አለ፣ እሱን ተጠቀሚ ብያት ነበር። እሷ ግን ራሴ ልረዳው አለች። ማንኛውንም ቀን ወደ አንድ ተራ ቁጥር ቀየረችው፤ ከአንድ መነሻ ጀምሮ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ማለት ነው። 280 ደመረች። ቁጥሩን መልሳ ወደ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ፈታችው። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፈው ከሆነ ጳጉሜ 6 ናት፤ 2015 እንደዚያ ነበረች፣ 2019ም እንደዚያው ናት። ይሄው ነው። የተጠጋገነው ኮድ ሁሉ ተደመሰሰና ገጹ አጠረ።

የሞከረችውም በደንብ ነው። የታካሚ መዝገብ አልነካችም። ወረቀት ላይ ከየወሩ ቀኖች እየመረጠች በጣቷ ቆጠረች፣ ከዚያ ከአፑ ጋር አመሳከረች፤ ወር መግቢያና መውጫውን፣ ኅዳርን ሙሉውን፣ ጳጉሜ 6 የነበረችበትን ዓመት። ኅዳር 26 ቀን 2015 ጳጉሜ 6 ቀን 2015 መስጠት አለበት፤ ሰጠ። በነገራችን ላይ በኤአይ ቻትቦትም ሞክራ ነበር። በሚያምር አማርኛ ሰባት ቀን ደምሪ አላት። የፈረንጁን ሕግ በኛ ወር ላይ። ለማያውቅ ሰው የሚያሳምን መልስ ነበር።

ፕሌይ ስቶር ላይ መውጣት

የጉግል ፕሌይ የገንቢ አካውንት አንዴ የሚከፈል 25 ዶላር ነው። ጭንቁ ገንዘቡ ሳይሆን መክፈያው ነው፤ ዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ይምጣ? ውጭ ያለች የአክስቷ ልጅ ከፈለችላት። ቀጥሎ ያልጠበቀችው መጣ። አዲስ የግል አካውንት የከፈተ ሰው አፑን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት ቢያንስ 12 ሰዎች ለተከታታይ 14 ቀን እንዲሞክሩት ማድረግ አለበት። ሕጉ ሲወጣ 20 ሰው ነበር፣ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው ወደ 12 የወረደው። ብቻቸውን የሚማሩ ልጆች እዚህ ላይ ይቆማሉ፤ አሥራ ሁለት ሰው ከየት ያመጣሉ? ሲስተር ዋርድ ነበራት። አዋላጆቹ፣ ተለማማጅ ተማሪዎቹ፣ አንድ ዶክተር። አንዳንዱ ስልኩ ሞልቶበት ያጠፋዋል፣ እሷ እየዞረች ታስጭነዋለች።

ለእናቶች የቀጠሮ አጭር መልእክት ከአፑ በቀጥታ ለመላክም አስባ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእርግዝና ክትትሉ 8 ጊዜ ይሁን ይላል፤ የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በ20፣ 26፣ 30፣ 34፣ 36፣ 38 እና 40። ይሄን ሁሉ ቀጠሮ ማስታወስ ለእናትም ለአዋላጅም ከባድ ነው። ግን ጉግል አጭር መልእክት የመላክ ፈቃድን ለተራ አፕ አይሰጥም። ስለዚህ አፑ መልእክቱን አዘጋጅቶ የስልኩን የመልእክት ሳጥን ይከፍታል፣ ላክ የሚለውን አዋላጇ ትጫናለች።

አንድ ነገር ላይ ግን እጅግ ተጠንቅቃለች፣ አከብራታለሁም። አፑ የእናት ስም አይጠይቅም። ስልክ ቁጥር አያስቀምጥም። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የትም አይልክም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የጤና መረጃ ተራ ጨዋታ አይደለም። እሷ ግን አዋጁን ከማንበቧ በፊትም እንደዚያው ነው ያሰበችው። የታካሚ ምስጢር ምን እንደሆነ ለእሷ ማስረዳት አያስፈልግም።

ገንዘቡስ?

ከዚህ አፕ አንድ ብር አላገኘችም። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ «አፕ ሠርተህ ፕሌይ ስቶር ላይ ጣል፣ ብሩ ይመጣል» የሚሉ ሰዎች ብዙ ሰው ስላሳሳቱ።

የመጀመሪያው ክፍያ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። አንድ የግል መድኃኒት ቤት ያለው ሰው አፑን አየና ጊዜው ሊያልፍበት የደረሰ መድኃኒት ቀድሞ የሚነግረው ነገር ፈለገ። ቶሎ ጊዜው የሚያልፍበት ቀድሞ ይውጣ የሚለውን ደንብ ሲስተር ከዋርዱ ስቶር ታውቀዋለች። ሰውየው ብዙ ማስረዳት አላስፈለገውም። በቴሌብር ከፈላት። ትልቅ ብር አይደለም፣ ግን በኮድ ያገኘችው የመጀመሪያው ነው።

ቀጥሎ በጤና መረጃ ዲጂታል ሥራ ላይ ያለ አንድ ፕሮጀክት ሰው ሲፈልግ አመለከተች። ዲግሪዋ ኮምፒውተር ሳይንስ አይደለም፣ ያ አስፈርቷት ነበር። ቃለ መጠይቁ ላይ ስልኳን አውጥታ አሳየቻቸው። ስለ ጳጉሜ ጠየቋት። አስረዳች። ደብተሯን ሳይቀር አሳየቻቸው። የፕሮግራም አዋቂ ነበራቸው፤ ያልነበራቸው ዋርድ ውስጥ ሌሊት አፕ መክፈት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ነው። ጓንት ባጠለቀ እጅ ትንሽ ቁልፍ እንደማይጫን፣ መብራት ሲጠፋ ነጭ ስክሪን ዓይን እንደሚያንጸባርቅ፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር የምትደረግ እናት እያለች ማንም አሥር ገጽ እንደማይሞላ። እንዲህ ነው የቀጠሯት።

እናቷ እና መልቀቂያው

ቤት ውስጥ የነበረው ትግል ከኮዱ ቢብስ እንጂ አይተናነስም። እናቷ አልተዋጠላቸውም።

«ሰው ሁሉ ሲስተር እያለ የሚያከብርሽን ትተሽ ቤት ቁጭ ብለሽ ስልክ ልትነካኪ?»

«እማዬ፣ ስልክ መነካካት አይደለም። ሥራ ነው።»

«ሥራማ ከሆነ ጠዋት ወጥተሽ ማታ ግቢያ!»

በእናቷ አልፈርድም። ልጃቸውን ያስተማሩት ሰፈር ውስጥ የሚታመመው ሁሉ ወደ እሷ እንዲመጣ ነው፤ መጥቷልም። ያንን ክብር መተው ለሲስተርም ቀላል አልነበረም። ዛሬም ባጃጅ ውስጥ «ሲስተር፣ ልጄን ያዋለድሽው አንቺ ነሽ» የሚላት ሰው ሲያጋጥማት ስታነባ አይቻለሁ።

ያሳመነቻቸው በንግግር አይደለም። በአንድ ጊዜም አልለቀቀችም። መጀመሪያ የዓመት ፈቃዷን ወሰደችና ሙሉ ቀን መሥራት ምን እንደሚመስል ሞከረችው። ከዚያ የመንግሥቱን ለቃ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ በሳምንት የተወሰነ ቀን ያዘች። ደመወዝ ሙሉ በሙሉ አልተቋረጠም። መልቀቂያና ክሊራንስ ለማስጨረስ የፈጀው ጊዜ ግን አስገርሞኛል፤ አንዱ ፈራሚ ሲገኝ ሌላው ስብሰባ ላይ ነው። የወጪ መጋራት ዕዳ ያለባችሁ ሰዎች ደግሞ ምን ያህል እንደቀራችሁ ከመወሰናችሁ በፊት አጣሩ። የሙያ ፈቃዷንም አልጣለችም። ለማሳደስ የሚያስፈልገውን የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ሥልጠና፣ ሲፒዲ የሚባለውን፣ አሁንም ትወስዳለች። ይህን ነገር ለሁሉም እመክራለሁ፤ ፈቃድ አንዴ ከተቃጠለ መመለሻው መንገድ ረጅም ነው።

ለሚጠይቁኝ ሰዎች

የሲስተርን መንገድ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። እሷን የሚያግዙ ነገሮች ነበሩ። እናቷ ልጁን ይይዙላት ነበር፣ ባለቤቷም ደመወዝ ነበረው። ብቻውን ቤት የሚያስተዳድር ሰው የመንግሥቱን ሥራ በአንድ ጊዜ ቢተው አደጋ ነው። እኔ አልመክርም።

ሌላው፣ የሰለቸህ ሙያው ነው ወይስ ቦታው? ይህን መጀመሪያ ለይ። አለቃህን ሸሽተህ ከሆነ ሌላ ክሊኒክ ሞክር፣ ሌላ ክፍል ጠይቅ። ኮድ መጻፍም ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው፣ ደንበኛም ይጨቀጭቃል፣ ክፍያም ይዘገያል። ከሰው ጋር መዋል የሚያስደስተው ሰው ብቻውን ስክሪን ፊት ሲቀመጥ ሊከፋው ይችላል፤ ሲስተርን ራሷን በመጀመሪያዎቹ ወራት ከፍቷት ነበር። የክሊኒኩን ቀናት ያልተወችው ለገንዘቡ ብቻ አይደለም።

ለመግባት ከወሰንክ ግን የምታውቀውን ክፍል ይዘህ ግባ። ላብራቶሪ ከሆንክ ናሙና የሚጠፋበትን ቦታ ታውቃለህ። ፋርማሲስት ከሆንሽ ቢን ካርዱና (የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) መደርደሪያው ለምን እንደማይገናኙ ታውቂያለሽ። አንድ ችግር፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ አፕ። ትንሽ ይሁን፣ ግን ጓደኞችህ ዲዩቲ ላይ የሚከፍቱት ይሁን። ሰርተፍኬቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሲስተር አሁን ከፕሮጀክቱ ሥራ ጎን ለጎን የአፑን ቀጣይ እትም እየሠራች ነው። ለእናቶች የሚላከው የቀጠሮ መልእክት በሲዳሙ አፎም እንዲሆን ትፈልጋለች፤ ከሐዋሳ ዙሪያ የሚመጡት ብዙዎቹ እናቶች የሚናገሩት እሱን ነው። ጽሑፉን ከዋርዱ ሁለት አዋላጆች ጋር እያረሙት ነው። ለ2019 ደግሞ የጳጉሜ 6ን ሙከራ እንደገና ከመጀመሪያው እየቆጠረች ነው፤ ኅዳር 26 ላይ ያየችው እናት ጳጉሜ 6 ላይ ማረፍ አለባት።